ጋሽ ቱፋና የመስከረሙ ውድድር

የጋሽ ቱፋን መሞት የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። የነገረኝም ዘመድ ወይም ጎረቤት አይደለም። መካኒሳ ታክሲ ስጠብቅ ከኋላዬ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ያወሩ ነበር። «ያ የፈረሰኞች ክበቡ ቱፋ እኮ ዐረፈ» አለ አንደኛው። ሌላው፣ «የትኛው ቱፋ? ያ ደረቁ?» ሲል ጠየቀው። «አዎ፣ ደረቁ።» ታክሲው መጥቶ ሞልቶ ሄደ፤ እኔ እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ።

በማግስቱ ለቅሶ ልደርስ ላፍቶ ቤታቸው ሄድኩ። ድንኳኑ ፈርሷል፤ የዕድሩ ወንበሮችም ተመልሰዋል። ባለቤታቸው እትዬ ድንቄ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አቅፈውኝ ካለቀሱ በኋላ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠራርገው፣ «አስካለ፣ ዘግይተሽ መጣሽ። እሱ ቢሆን ዛሬ ከውድድር ይሰርዝሽ ነበር» አሉኝ። እያለቀስን ሁለታችንም ሳቅን። እውነታቸውን ነው፤ ጋሽ ቱፋ ለዘገየ ሰው ምሕረት አልነበራቸውም።

ያወቅኳቸው በደርግ ጊዜ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ሰው በየመንገዱ ወድቆ የሚገኝበት ያ ክፉ ወቅት አልፎ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ገና ከእኛ ጋር ነበር። ጎፋ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የታይፕ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ስፈልግ፣ የክፍለ ሀገሩ የፈረሰኞች ክበብ ታይፒስት ይፈልጋል ተባልኩና ሄጄ ተቀጠርኩ። ቢሮው መካኒሳ ውስጥ ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ ከጀርባዋ የክበቡ ስድስት ፈረሶች የሚያድሩበት ጋጣ አለ። የቀሩት ፈረሶች የገበሬዎቹ ናቸው፤ ከሰበታ፣ ከአለም ገና፣ ከሱሉልታ በየውድድሩ ይመጣሉ። መወዳደሪያው ለቡ በኩል ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ነው። ዛሬ ሜዳው ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ያኔ ግን ዓይን እስኪደክም ሣር ብቻ ነበር።

ጋሽ ቱፋ የክበቡ የውድድር ጸሐፊ ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ላፍቶ ያረሱ ሰዎች ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ስላገለገሉ እግሮቻቸው ወደ ውጭ ጎበጥ ያሉ ነበሩ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ቡናማ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው። ሥራቸው በዓመቱ ውስጥ የትኛው ውድድር በየትኛው እሁድ እንደሚደረግ መወሰን ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል። ለእኔም መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ከጽሕፈት መኪናው ፊት ሲያስቀምጡኝ፣ «ፈጣን ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ፈጣን ነኝ።»

«እኔ ቀስ የሚል ሰው ነው የምፈልገው። አንድ ቀን ተሳስተሽ ብትጽፊ የሚጎዳው ፈረስ ነው።»

ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርቶን ተለጥፏል። በላዩ ላይ የዓመቱ እሁዶች ሁሉ በእርሳስ ተሰምረው አሉ። አንድ ፈረስ በሁለት ተከታታይ እሁዶች እንዲሮጥ አይፈቅዱም። ያረገዘች ባዝራ ስንት ወር እንደሆናት ያውቃሉ። በሁዳዴ ጾም ፈረሰኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምስ ረጅሙን ግልቢያ ከጾሙ ወቅት ያወጡታል። አጨዳ ሲደርስ ገበሬውን አይጠሩም። የቀበሌ ስብሰባ ያለበትን እሁድ ጠዋት በቀይ እርሳስ ያከብቡታል፤ ስብሰባ የቀረ ፈረሰኛ የስኳር ራሽኑ እንደሚያዝበት ያውቃሉና። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቢሮ አይገቡም፤ ከመንደር መንደር በእግራቸው እየዞሩ ፈረሶቹን ያያሉ። ጆሯቸውን የፈረሱ ጎን ላይ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሹን ያዳምጣሉ። ማንም ሰው በዚያ ሰዓት አያናግራቸውም።

አንድ ቀን ይህን ሁሉ ድካም አይቼ፣ «ጋሽ ቱፋ፣ ዝም ብሎ በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ አይቻልም?» አልኳቸው።

«አስካለ፣ ፈረስ ደክሞኛል ብሎ ማመልከቻ አያስገባም። የምንጽፍለት እኛ ነን» አሉኝ።

ጀማል የሚባል ወጣት ነበር፤ የጎፋ ልጅ፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ በመሰናክል ዝላይ የሚደርስበት ያልነበረ። ረመዳን ሲገባ ከሰዓት በኋላ ጾሙን ይዞ ሊዘል እንደሚመጣ እናውቃለን። ዓይን አፋር ስለሆነ አይጠይቅም። ጋሽ ቱፋ ማንም ሳይጠይቃቸው የወሩን ዝላይ ሁሉ ወደ ማለዳ አዞሩት። ከኮሚቴው አንዱ፣ «በሃይማኖት ነው እንዴ ፕሮግራም የምናወጣው?» ብሎ ነገር ሊያነሳ ሲል፣ ጋሽ ቱፋ ቀና ሳይሉ፣ «ጠዋት ለፈረስ ቀዝቀዝ ይላል» አሉና ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። ጀማል ያን ለት ወደ ጠረጴዛቸው መጥቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። እሳቸውም፣ «ምን ትጠብቃለህ? ኮርቻህን አጥብቅ» ብለው አባረሩት።

ደረቅ ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹ አልዋሹም። ተሳስቻለሁ የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አትወጣም። አንድ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ሁለት ውድድር በአንድ እሁድ ላይ ጽፈው ሰጡኝና እንዳለ ተየብኩት፤ ከዚያ በሰው ፊት ጮኹብኝ። ረቂቃቸውን አውጥቼ አሳየኋቸው። አዩት፤ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ወጡ። በማግስቱ ስገባ የጽሕፈት መኪናዬ አጠገብ አራት ትኩስ የበቆሎ እሸት ተቀምጦ አገኘሁ። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነበር። ስለዚያ ነገር ዳግም አላወራንም።

አሁን ወደ መስከረሙ ውድድር ዓመት ልምጣ።

ጳጉሜን ውስጥ ነው። የክበቡ ሊቀመንበር ሁላችንንም ሰብስቦ ትልቅ ዜና ነገረን። ሰውዬው ከሌላ መሥሪያ ቤት ተመድቦ የመጣ፣ ፈረስ የማያውቅ፣ ግን ክፉ ሊባል የማይችል ሰው ነው። «ከአብዮቱ በዓል ቀጥሎ ባለው ሁለተኛው እሁድ ታላቅ የፈረስ ውድድር እናካሂዳለን። ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ። ቢያንስ አርባ ፈረስ ሜዳው ላይ እፈልጋለሁ» አለ።

ጋሽ ቱፋ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በመስከረም ፈረስ አንሰበስብም። ሠንጠረዡ ላይም የለም።»

«ሠንጠረዡን የሚያወጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎን የሚያዝዎትስ?»

«እርስዎ ነዎት፤ በሽታውን ግን አያዙትም» አሉ ጋሽ ቱፋ።

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሊቀመንበሩ የትኛው በሽታ እንደሆነ አላወቀም፤ እኔም አላወቅኩም ነበር። ያወቅኩት በዓሉ ባለፈ ማግስት፣ ሐሙስ ቀን፣ ጋሽ ቱፋ፣ «ተነሺ፣ የምትመዘግቢልኝ ነገር አለ» ብለው በአውቶቡስ ከአለም ገና ወዲያ ወዳለ መንደር ሲወስዱኝ ነው። ገመቹ የሚባል ገበሬ ደጅ ደረስን። ጭቃው ላይ አንድ ዳማ ፈረስ ተዘርሯል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጦ ወጥቷል፤ ከአፍንጫው ነጭ አረፋ ይወርዳል። እስትንፋሱ እንደ ተቀደደ ወናፍ ድምፅ ያሰማል። ጋሽ ቱፋ ተንበርክከው አንገቱን ይዘው ቆዩ። እኛ እዚያው እንዳለን ሞተ። ገመቹ በእጁ ወደ ጓሮ አመለከተ፤ ትናንት የሞተችው ባዝራ ቅጠል ለብሳ ተኝታለች።

ጋሽ ቱፋና ገመቹ በኦሮምኛ ብዙ አወሩ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አስረዱኝ። በሽታው ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል። ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያሻግሩት ረግረግ ላይ የሚፈሉት ትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች ናቸው። ኅዳር ላይ ውርጭ ሲጥል ዝንቦቹ ያልቃሉ፤ በሽታውም ያቆማል። «የእኛ ሜዳ ወንዝ ዳር ነው» አሉ። «አንድ የታመመ ፈረስ ከአርባ ጤነኛ ጋር እዚያ ካቆምን በሳምንቱ አንድም አይተርፍም። ለገበሬው ፈረሱ ገበያ መሄጃው ነው። ሚስቱ ምጥ ሲይዛት ጤና ጣቢያ የሚያደርስላትም እሱ ነው።»

አርብ ጠዋት ጋሽ ቱፋ ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ጋሽ ቱፋ ያዩትን በዝግታ ነገሩት፤ የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ እንዲያይ ለመኑት። መቼም እሳቸው ሲለምኑ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሁለት ፈረስ ሞተ ብዬ ለበላይ አካል ውድድሩ ቀርቷል ልበል?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ወደ ታኅሣሥ ተላልፏል ይበሉ።»

ከዚያ የሊቀመንበሩ ድምፅ ተለወጠ፤ እርስዎ ማለቱንም ተወ። «አንተ ሰውዬ፣ ይህ ነገር አሻጥር እንደሚባል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጓድ» አሉ ጋሽ ቱፋ፤ ወጡም።

ሊቀመንበሩ እኔን ጠርቶ የመስከረሙን ውድድር ማስታወቂያ እንድተይብ አዘዘኝ። ተየብኩት። ጋሽ ቱፋ ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ስጨርስ ተነስተው መጡና፣ «እናትሽ አሟታል አላልሽም? ሰኞና ማክሰኞ እረፍት ውሰጂ» አሉኝ። እናቴ ደህና ነበረች። አላመኑኝም ማለት ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ሁለቱን ቀንም ሳለቅስ ዋልኩ።

እሁዱ ደረሰ። ሜዳው ዙሪያውን ባንዲራ ተተክሏል፤ ለእንግዶቹ ሸራ ተወጥሮ ወንበር ተደርድሯል። የክበቡ ስድስት ፈረሶች ተሸልመው ቆመዋል። ከገበሬዎቹ ግን አንድም ፈረስ የለም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ሊቀመንበሩ ላብ በላብ ሆኖ ወደ መንገዱ ያያል። አምስት ሰዓት ሲሆን እንግዶቹ ተነስተው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ይህን ጊዜ ጋሽ ቱፋ በሰው መሀል አልፈው ሊቀመንበሩ ፊት ቆሙ። የታጠበ ካፖርት ለብሰዋል፤ ያ ባርኔጣ በእጃቸው ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሌላ ሰው እንዳይጠየቅ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ ጮክ ብለው። «ፈረሶቹ እንዳይመጡ የላክሁባቸው እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ።»

የአብዮት ጠባቂዎች በላንድሮቨር ጭነው ወደ ከፍተኛው፣ የቀበሌዎቹ የበላይ ወደሆነው ጽሕፈት ቤት፣ ወሰዷቸው።

ሰኞ እኔንም ጠሩኝ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ከገበሬዎቹ የሰበሰቧቸውን ደብዳቤዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተዋል። ወረቀቶቹን ሳይ ደንግጬ ቀረሁ። ሁሉም በእጅ የተጻፉ ናቸው፤ በዚያ በማውቀው፣ በተጣመመ፣ መስመር በማይጠብቅ የጋሽ ቱፋ ፊደል። አርባ ደብዳቤ። አንዱ ከሌላው ቃል በቃል አንድ ነው፤ «በሽታ ስላለ ፈረስህን ይዘህ አትምጣ፣ ወንዝ ዳርም አታሰማራው፣ ከመሸ ጋጣ ውስጥ ጭስ አጭስለት» ይላል፤ ከግርጌው ሙሉ ስማቸውና ፊርማቸው። ማንበብና መጻፍ ዘግይተው የተማሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለች አጭር ደብዳቤ እንኳ ግማሽ ሰዓት ትፈጅባቸው ነበር።

«አንቺ አልተየብሽም?» አለኝ አንደኛው።

«አልተየብኩም።»

«ያለፈው ሰኞና ማክሰኞ የት ነበርሽ?»

«እረፍት ላይ ነበርኩ።»

የእረፍት ፈቃዱን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። በዚያ ዘመን አንድ የጽሕፈት መኪና ምን እንደ ጻፈ ከፊደሉ ይመረመር ነበር፤ ስንት ታይፒስት በዚህ ተይዛለች። የእኔ መኪና ንጹሕ ነበር። ለቀቁኝ። ከግቢው ወጥቼ ግንብ ተደግፌ ቆምኩ።

ጋሽ ቱፋ ከሁለት ወር በላይ ታሰሩ። እትዬ ድንቄ በየቀኑ ምግብ ያደርሳሉ፤ አንዳንዴም አብሬያቸው እሄዳለሁ። አንድ ቀን ጠባቂው ራራልንና ከሽቦው ማዶ እንድናያቸው ፈቀደልን። ከስተዋል፤ ጢማቸው አድጓል። እትዬ ድንቄ አልቅሰው ሳይጨርሱ፣ ጋሽ ቱፋ «የሰበታዎቹስ?» ብለው ጠየቁኝ። የሰበታ ፈረሶች አንድም እንዳልሞተ ነገርኳቸው። «የሱሉልታዎቹ?» እነሱም ደህና ናቸው። በገመቹ መንደር ግን አሥራ አንድ ፈረስ ሞቷል፤ በሽታው ከዚያ መንደር አልተሻገረም። የእንስሳት ሐኪምም መጥቶ አይቶ ሪፖርት ጽፏል። ጋሽ ቱፋ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ምግቡን ተቀበሉ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ገበሬዎቹ መጡ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ፈረሶቻቸውን ቤት ትተው በእግራቸው ተጉዘው ከከፍተኛው ግቢ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጠባቂው፣ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ሲላቸው፣ «ቱፋን ልንጠይቅ ነው» አሉት። «ዛሬ መጠየቂያ ቀን አይደለም» ሲላቸው፣ «እንጠብቃለን» አሉት። አልጮኹም፤ ምንም አልጠየቁም። ሲመሽ ሄዱ፤ በማግስቱ ተመልሰው መጡ። በሳምንቱም መጡ። ያኔ ሃያ ሰው ሆኖ አንድ ቦታ መቀመጥ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ያውቀዋል። ሪፖርቱ ይሁን የእነሱ መቀመጥ የረዳው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኅዳር ሲጋመስ ጋሽ ቱፋን ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቋቸው።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድ ደቂቃ ሳያሳልፉ፣ ቢሮ ገቡ። ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። ወደ ክፍሉ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጣና ንጹሕ ካርቶን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠላቸው። «ታኅሣሥን እርስዎ ያውጡት» አለ። እርስዎ ወደ ማለት ተመልሶ ነበር።

ጋሽ ቱፋ እርሳሳቸውን ቀርጸው መሥራት ጀመሩ። ጨርሰው እንድተይበው ሲሰጡኝ፣ የመክፈቻውን ንግግር የሚያደርገውና ሽልማቱን የሚሰጠው ሊቀመንበሩ ነው ይላል። ንድድ አለኝ። «እሱን ነው የሚያስከፍቱት? ከዚያ ሁሉ በኋላ?»

«እሁዶቹ ጥቂት ናቸው፤ ለቂም የምሰጠው የለኝም» አሉ።

ያን ጊዜ ለሁለት ወር ውስጤን ሲበላኝ የነበረውን አወጣሁት። «ጋሽ ቱፋ፣ ያኔ ለምን አላመኑኝም? ለምን እረፍት አስወጡኝ?»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። «ስላመንኩሽ ነው» አሉኝ። «ብትተይቢው ኖሮ አትናገሪም ነበር። እነሱ ደግሞ እስክትናገሪ አይለቁሽም ነበር።»

ፊቴን ወደ ጽሕፈት መኪናው አዙሬ የተወዳዳሪዎቹን ስም መተየብ ቀጠልኩ። ከአለም ገና በኩል የሚመጡት ስም ውስጥ ገመቹን አገኘሁት። ረስተውት መስሎኝ፣ «ገመቹ እኮ ፈረሶቹ ሞተውበታል» አልኩ።

«ሰውዬው አልሞተም። ተይቢ» አሉኝ።

የታኅሣሡ እሁድ ብሩህ ነበር። ሌሊት የጣለው ውርጭ ሣሩ ላይ ገና አልቀለጠም። ፈረሶቹ ከአራቱም አቅጣጫ እየተግተለተሉ ገቡ፤ ሃምሳ አለፉ። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ገመቹ በእግሩ መጣ። ልጓሙን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ለምን እንደተጠራ ያልገባው ሰው መስሎ ዳር ላይ ቆመ። ጋሽ ቱፋ ከክበቡ ፈረሶች ምርጡን፣ ሌላ ጊዜ ማንንም የማያስነኩትን ግራጫውን ራሳቸው እየሳቡ አምጥተው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት። ገመቹ ራሱን ነቀነቀ፤ እንቢ ማለቱ ነው። ጋሽ ቱፋ ልጓሙን ከትከሻው ላይ አውርደው ለፈረሱ አጠለቁለት፤ መልስም ሳይጠብቁ ወደ መነሻው መስመር ሄዱ።

ገመቹ አራተኛ ሆኖ ገባ። ከፈረሱ ወርዶ ግንባሩን የግራጫው አንገት ላይ አስደግፎ ቆመ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደ ጋሽ ቱፋ ዞሬ አየሁ። ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ፊታቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ይጠርጋሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዞሩ፣ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና በዚያ በሚያስደነግጥ ድምፃቸው ጮኹ፤

«የሱሉልታ ፈረሰኞች፣ ተራችሁ ደርሷል! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?»